የበረዶ ማዕበል ወደ ከተማችሁ ሲመጣ፦ ማሳወቂያውን ከማንበብ እስከ ጎረቤት መጠየቅ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2014 አትላንታ ላይ የወረደው በረዶ ከ3 ኢንች አይበልጥም ነበር። ለቦስተን ወይም ለሚኒያፖሊስ ይህ የአንድ ተራ ጠዋት ጉዳይ ነው። አትላንታን ግን ቀጥ አድርጎ አቆማት። በረዶው መውረድ ሲጀምር ሠራተኛውም ወላጁም ተማሪውም በአንድ ጊዜ ወደ ቤቱ ወጣ። መንገዱ ተቆለፈ፣ በረዶውም በጎማ ተረግጦ ግግር ሆነ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሌሊቱን አውራ ጎዳና ላይ አሳለፉ፣ ብዙ ልጆችም ትምህርት ቤት አደሩ። የሚገርመው፣ ማስጠንቀቂያው የዚያን ዕለት ሊነጋጋ ሲል ወጥቶ ነበር።

ይህን መመሪያ የምጽፈው አሜሪካ ከተሞች ውስጥ ለሚኖር፣ በተለይም የከተማውን ማሳወቂያ በእንግሊዝኛ እያነበበ "አሁን ምን ላድርግ?" ለሚል ሰው ነው። በማዕበል ወቅት ሰው የሚጎዳው ባብዛኛው መዘጋጃ ሰዓቱ ስላለፈበት ነው። ስለዚህ ከበረዶው በፊት ያለው አንድ ወይም ሁለት ቀን ላይ በደንብ እቆያለሁ።

1. ማሳወቂያው እናንተ ጋ እንዲደርስ አድርጉ

ስልካችሁ ራሱ ይጮሃል ብላችሁ አትጠብቁ። ሁሉም ስልክ ላይ በድንገት የሚጮኸው የመንግሥት የአደጋ መልእክት ለአውሎ ነፋስና ለድንገተኛ ጎርፍ ያገለግላል። ለተራ የክረምት ማዕበል ማስጠንቀቂያ ግን አይላክም። ከበረዶ ጋር በተያያዘ የሚላከው ለድንገተኛና ለአጭር ጊዜ የበረዶ ውርጅብኝ ነው፤ እሱም መንገድ ላይ ያለ ሹፌር በደቂቃ ውስጥ ምንም እንዳያይ የሚያደርገው ዓይነት ነው። ስለዚህ ስልኩ ዝም ቢል ማዕበል የለም ማለት አይደለም።

መፍትሔው ከተማችሁ ባዘጋጀው የማሳወቂያ አገልግሎት መመዝገብ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ "አለርት ዲሲ"፣ ኒው ዮርክ "ኖቲፋይ ኤንዋይሲ"፣ ሲያትል "አለርት ሲያትል" አላቸው። ሌሎች ከተሞችና ካውንቲዎችም የየራሳቸው አላቸው። በነጻ ነው፣ የሚጠይቃችሁም ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል ነው። ስትመዘገቡ የቤታችሁን ብቻ ሳይሆን የሥራ ቦታችሁን፣ የልጆቻችሁን ትምህርት ቤትና የወላጆቻችሁን አድራሻም መጨመር የሚፈቅድ ከሆነ ጨምሩ። ትምህርት ቤቶች ደግሞ መዘጋትና ማርፈድን የሚያሳውቁበት የራሳቸው የመልእክት መስመር ስላላቸው እዚያ የተመዘገበው ስልካችሁ የድሮው እንዳይሆን አሁኑኑ አረጋግጡ።

ቋንቋ ለሚያስቸግረው ሰው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች በቋንቋቸው እንዲያገለግሉ የሚያስገድድ ሕግ አላት። አማርኛም ከዋና ዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። በሌሎች ብዙ ከተሞችም 311 (የከተማው አገልግሎት መስመር) ወይም 911 (የአደጋ ጊዜ መስመር) ስትደውሉ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። መጀመሪያ አድራሻችሁን ተናገሩ። ቀጥላችሁ "አምሃሪክ" በሉ። ከዚያ መስመሩ ዝም ይላል፤ አስተርጓሚ እየፈለጉ ነውና ስልኩን አትዝጉ። እናታችሁ ወይም አባታችሁ ብቻቸውን የሚኖሩ ከሆነ ይህን አብራችሁ ተለማመዱት፤ አድራሻውንም በእንግሊዝኛ በትልልቁ ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉላቸው።

2. ሦስቱን የማስጠንቀቂያ ደረጃዎች ለዩ

ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የሚጠቀምባቸው ሦስት ቃላት አሉ። ከተማውም ዜናውም እነሱኑ ይደግማል።

"ዋች" ከተባለ ከባድ ማዕበል ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ገና እርግጥ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቀድሞ ይወጣል። "አድቫይዘሪ" ከተባለ በረዶው መውረዱ አይቀርም፣ ግን የሚያስቸግር እንጂ እጅግ ከባድ አይደለም ተብሎ ይገመታል። "ዋርኒንግ" ከተባለ ከባዱ ማዕበል ደርሷል ወይም ሊደርስ ነው።

ብዙ ሰው ተነስቶ ሱቅ የሚሄደው "ዋርኒንግ" ሲባል ነው። በእኔ እምነት መንቀሳቀሻው "ዋች" የተባለ ቀን ነው። ማዕበሉ አቅጣጫ ቢቀይር እንኳ የገዛችሁት ባትሪና መድኃኒት የትም አይሄድም።

"ብሊዛርድ" የሚለው ቃል ደግሞ ስለ በረዶው ብዛት አይደለም። በሰዓት 35 ማይል ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ነፋስ ኖሮ፣ በወረደው ወይም በሚነሳው በረዶ ምክንያት ከሩብ ማይል በላይ ማየት ሳይቻል ቢያንስ ሦስት ሰዓት ሲቆይ ነው። መሬት ላይ ያለው በረዶ ትንሽ ቢሆንም መንገዳችሁን አጥታችሁ ከቤታችሁ ደጃፍ ሳትርቁ ልትጠፉ ትችላላችሁ። "አይስ ስቶርም" ሲባል ደግሞ የሚፈራው የመብራት መቋረጥ ነው። ዝናቡ ሽቦና ቅርንጫፍ ላይ እየረጋ ክብደቱ ይጥላቸዋል።

ነፋስ የብርዱን ጉዳት እንደሚጨምርም አስታውሱ። ሙቀቱ 0 ፋራናይት ሆኖ በሰዓት 15 ማይል ነፋስ ካለ፣ የተጋለጠ ቆዳ የሚሰማው ከዜሮ በታች 19 ነው። በዚያ ሁኔታ 30 ደቂቃ ያህል የተጋለጠ ጣት ወይም ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። እስከ 2024 "የዊንድ ቺል ዋርኒንግ" ይባል የነበረው አሁን "ኤክስትሪም ኮልድ ዋርኒንግ" ተብሏል፤ ስሙ ተቀይሮ ስታዩት አትደናገሩ።

3. የከተማው ትእዛዝ ምን ይላል? በተለይ መኪናችሁን

የከተማ ማሳወቂያ ሲደርሳችሁ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ የት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ምን ተከለከለ። የቀረውን ኋላ ታነቡታላችሁ።

ብዙ ጊዜ የሚከለከለው ፓርኪንግ ነው። ከተማው "ስኖው ኢመርጀንሲ" ሲያውጅ፣ በረዶ ጠራጊ መኪኖች እንዲያልፉ አንዳንድ መንገዶች ባዶ መሆን አለባቸው። ሕጉ ከከተማ ከተማ ይለያያል። በዲሲ ቀይና ነጭ የበረዶ ምልክት የተተከለባቸው ዋና ዋና መንገዶች ላይ ማቆም አይቻልም፤ ያቆመ ይቀጣል፣ መኪናውም ይጎተታል። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ነገሩ በሦስት ቀን የተከፈለ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የበረዶ አደጋ መንገድ ተብለው በተለዩት ላይ አይቆምም። በሁለተኛው ቀን በሌሎቹ መንገዶች ሙሉ ቁጥር (እንደ 2፣ 4፣ 6) ቤቶች ባሉበት በኩል፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጎዶሎ ቁጥር ባሉበት በኩል አይቆምም። መጀመሪያ ሲሰሙት ያደናግራል። ግን የመኪና መጎተት ክፍያ፣ ቅጣትና የማቆያ ሒሳብ አንድ ላይ ሲመጣ የብዙ ቤተሰብን የወር ወጪ ያናጋል። በሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ ሹፌሮች በተለይ ልብ በሉ፦ የምትተኙበት ሰዓትና ክልከላው የሚጀምርበት ሰዓት ሊገጣጠም ይችላል።

የከተማውን የፓርኪንግ ካርታ ዛሬ፣ ፀሐይ እያለ ክፈቱት። የራሳችሁን መንገድ ፈልጉና መኪናውን የምታዛውሩበትን ሁለት ቦታ አስቡ።

ሌላው ትእዛዝ የመንዳት እገዳ ነው። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ቡፋሎን የመታው ብሊዛርድ ከቀናት በፊት ተነግሮለት ነበር። የመንዳት እገዳው ግን የታወጀው ዓርብ ጠዋት፣ ብዙ ሰው ሥራ ከገባ በኋላ ነው። በቡፋሎና በአካባቢዋ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። አንዳንዶቹ መኪናቸው ውስጥ፣ አንዳንዶቹ ደጅ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ አምቡላንስ ሊደርስላቸው ባለመቻሉ ቤታቸው ውስጥ ነው ያለፉት። ስለዚህ እገዳ እስኪታወጅ አትጠብቁ። "ብሊዛርድ ዋርኒንግ" ከወጣ ከአለቃችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ፈረቃ ተቀያየሩ። ሥራ መቅረት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ነፋሱ ከተነሳ በኋላ መንገድ ላይ የቀረን ሰው የሚያወጣው የለም።

4. "ዋች" በተባለ ቀን የሚሠራ ሥራ

መድኃኒት ይቅደም። ፋርማሲ በማዕበል ቀን ይዘጋል፣ ማድረሻም ይቆማል። ቢያንስ ለሳምንት የሚበቃ ይኑራችሁ። ኦክስጅን ወይም ሌላ በመብራት የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ ቤት ውስጥ ካለ ለመብራት ኩባንያው አሳውቁ። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ደንበኞችን ይመዘግባሉ። ምዝገባው መብራት ቶሎ ለመመለሱ ዋስትና ስላልሆነ ግን ተለዋጭ ሲሊንደር ወይም የምትሄዱበት ቤት ይኑራችሁ።

ከዚያ ውሃ፦ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን፣ ለሦስት ቀን። ምግቡ ሳይበስል የሚበላ ይሁን። የሕፃን ወተትና ዳይፐር፣ የእጅ ባትሪ፣ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ፣ ሙሉ ቻርጅ የተደረገ ፓወር ባንክ አዘጋጁ። ሻማ ባልገዛ እመርጣለሁ፤ ሰው ተኝቶ እያለ ቤት ያቃጥላል።

ደጃፍ ላይ በረዶ ለማቅለጥ ጨው ስትገዙ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ሙቀት እዩ። ተራው የድንጋይ ጨው ወደ 15 ፋራናይት ሲወርድ ጉልበቱ ይደክማል። ከዚያ በታች ከሆነ ካልሲየም ክሎራይድ ያለበትን ውሰዱ፤ ወይም ጫማ እንዳያንሸራትት አሸዋ በትኑ።

የውሃ ቧንቧ እንዳይፈነዳም አስቡ። በውጪ ግድግዳ በኩል ያለ ቧንቧ ካለ የመታጠቢያውን ወይም የኩሽናውን ቁምሳጥን በር ክፈቱለት፤ ሙቀት ይግባበት። በከባዱ ብርድ ሌሊት ቧንቧዎቹን ትንሽ ትንሽ እንዲያንጠባጥቡ ተዉአቸው። ቤቱን ጥላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ማሞቂያውን ከ55 ፋራናይት በታች አታውርዱት። ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ ደግሞ አሁኑኑ እወቁ። ውሃው ኮርኒስ ሲያፈርስ እሱን መፈለግ ጭንቅ ነው።

መኪና ውስጥ ብርድ ልብስ፣ ጓንት፣ አካፋ፣ ውሃና ቻርጀር ጣሉ። ነዳጁ ከግማሽ በታች አይውረድ።

5. ስልክ የምትደውሉላቸውን ሰዎች ለዩ

ይህን ክፍል ብዙ መመሪያ በአንድ መስመር ያልፈዋል። እኔ ግን ከባትሪውም ከጨውም በላይ ነው የምለው።

የከተማው ማሳወቂያ የማይደርሳቸው ሰዎች በየሕንጻው አሉ። በቅርቡ የመጣ ቤተሰብ፣ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩና ቀን ብቻቸውን የሚውሉ እናቶችና አባቶች፣ አራስ እናት፣ ሌሊት የሚሠራና ቀን የሚተኛ ሰው። ስማቸውን ጻፉ። ማዕበሉ ከመምጣቱ በፊት ደውሉላቸው። ከዚያም ጠዋትና ማታ ሁለት ጊዜ። "ደህና ናችሁ?" ብቻ አትበሉ፤ ሁሉም "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን" ነው የሚለው። "ቤቱ ይሞቃል? መድኃኒትዎ ለስንት ቀን ይበቃዎታል? ዛሬ ምን በሉ?" ብላችሁ ጠይቁ። ስልክ ካላነሱ ማን ሄዶ በር እንደሚያንኳኳ ቀድማችሁ ተስማሙ።

የቴሌግራምና የዋትሳፕ ግሩፕ ትልቅ ጉልበት አለው፤ የቆየ መልእክትም በዚያው ፍጥነት ይዞራል። ከማስተላለፋችሁ በፊት ቀኑንና የከተማውን ስም እዩ። በሌላ ክፍለ ግዛት ያለ ተመሳሳይ ስም ያለው ካውንቲ ማስታወቂያ ደጋግሞ ይዞራል። ስትተረጉሙ አጭር አድርጉት፦ የት፣ መቼ፣ ምን ተከለከለ፣ የሞቀ መጠለያው አድራሻ። የመጨረሻው በጣም ያስፈልጋል። ከተሞች ቤተ መጻሕፍትንና የማኅበረሰብ ማዕከሎችን ለመሞቂያ ይከፍታሉ፤ ብዙ ሰው ግን ለቤት አልባዎች ብቻ ይመስለውና መብራት በጠፋበት ቤት እየተንቀጠቀጠ ያድራል። ማንም ሰው መሄድ ይችላል። የት እንደተከፈተ 311 ወይም 211 (የማኅበራዊ እርዳታ መረጃ መስመር) ይነግራችኋል።

6. መብራት ሲጠፋ፦ ብርዱንና ጭሱን ለዩ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጡ። ክፍለ ግዛቱ ኋላ ላይ በቆጠረው መሠረት 246 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹን የገደለው ብርድ ነው። ሌሎች ግን ለመሞቅ ብለው ባደረጉት ነገር ሞቱ። ሂዩስተን አካባቢ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዘው ወደ ሕክምና ሄደዋል። ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስተው የሞቁ፣ ከሰል ቤት ውስጥ ያነደዱ ነበሩባቸው።

ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ሰውየው ጉንፋን ነው ብሎ ይተኛል፣ አይነሳም። ስለዚህ ከሰል፣ የካምፕ ምድጃም ሆነ ግሪል ቤት ውስጥ በፍጹም አይነድም። መስኮት መክፈት አያድንም። መኪና ጋራዥ ውስጥ አይነሳም፣ የጋራዡ በር ክፍት ቢሆንም። በጋዝ ምድጃ ቤት አይሞቅም። ጀነሬተር ከቤቱ ውጪ፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 20 ጫማ ርቆ ይቀመጣል። ባትሪ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ግዙ፣ የምትተኙበት ክፍል አጠገብም ስቀሉት። ከጮኸ መጀመሪያ ሁሉም ሰው ይውጣ፣ 911 የሚደወለው ከውጪ ነው።

መብራት እያለ በኤሌክትሪክ ሂተር የምትሞቁ ከሆነ፣ ከአልጋና ከመጋረጃ 3 ጫማ አርቁት። በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት፤ ማከፋፈያ ገመድ ይሞቅና ይቃጠላል።

መብራት ከሌለ ሁሉም ሰው በአንድ ክፍል ይሰብሰብ። በሩን ዝጉ፣ ከሥሩ ፎጣ አስገቡ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኑ። ልብስ ደራርቡ፣ ኮፍያ አድርጉ። ፍሪጁን አትክፈቱ፦ ተዘግቶ ከቆየ ምግቡ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ 48 ሰዓት።

ሰውነቱ እጅግ የቀዘቀዘ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይተሳሰራል፣ ግራ ይጋባል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። መንቀጥቀጡ ቆሞ ግራ ከተጋባ ነገሩ ከፍቷል። የሰውነት ሙቀት ከ95 ፋራናይት በታች ከሆነ 911 ደውሉ። እርዳታ እስኪደርስ እርጥብ ልብሱን አውልቁለት፣ ደረቱንና አንገቱን ቀድማችሁ አሙቁ። አልኮል አይሰጠውም። በብርድ የነጣ ወይም የደነዘዘ ጣት አይታሽም፣ በፈላ ውሃም አይነከርም፤ ለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል። ሕፃናት ሳይንቀጠቀጡም ይቀዘቅዛሉ፤ ቆዳቸው ቀልቶና ቀዝቅዞ፣ እነሱም ዝለው ካያችሁ ጊዜ አትስጡ።

7. መኪና ውስጥ ከተያዛችሁ

ከመኪናው አትውረዱ፤ በእግር የምትደርሱበት ሕንጻ በግልጽ ካልታያችሁ በቀር። ቦታችሁን ለ911 ንገሩ። ሞተሩን በሰዓት 10 ደቂቃ ያህል ብቻ አስነሱ፤ ከማስነሳታችሁ በፊት ግን ሁልጊዜ ጭስ ማውጫው ላይ የተከመረውን በረዶ ጥረጉ፤ ካልተጠረገ ያው ገዳይ ጋዝ ወደ ውስጥ ይገባል። መስኮት ትንሽ ከፈት አድርጉ። እንድትታዩ አንቴናው ወይም በሩ ላይ ደማቅ ጨርቅ እሰሩ።

8. በረዶው ካቆመ በኋላ

አካፋ ከማንሳታችሁ በፊት ስለ ልባችሁ አስቡ። ብርድ የደም ሥርን ያጠባል፣ እርጥብ በረዶ ደግሞ ከባድ ነው። በየዓመቱ በረዶ ሲጠርጉ በልብ ድካም የሚሞቱ አሉ። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው ለሌላ ይተወው። ጤነኛውም ቢሆን ከማንሳት ይልቅ እየገፋ፣ በየጊዜው እያረፈ፣ ገና ሳይረጋ ይጥረግ። ደረቱን ከጨመቀው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው ያቁምና 911 ይደውል።

በብዙ ከተሞች ከቤታችሁ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ የመጥረግ ግዴታ የናንተ ነው። በዲሲ በረዶው ካቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 8 የቀን ብርሃን ሰዓታት ውስጥ ነው። በሚኒያፖሊስ ለግል ቤት 24 ሰዓት፣ ለትልልቅ ሕንጻዎችና ለንግድ ቤቶች 4 የቀን ሰዓት ነው። ማዕዘኑ ላይ ያለውን መሻገሪያ መወጣጫም አትርሱት፤ በዊልቸር የሚሄድ ሰውና ጋሪ የምትገፋ እናት እዚያ ነው የሚቆሙት። በአቅራቢያችሁ የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ ካለ ዙሪያውን ጥረጉለት።

የወደቀ ሽቦ ካያችሁ ቢያንስ 35 ጫማ ራቁ፣ 911 ደውሉ። ዝም ያለ ሽቦ ሁሉ መብራት የለውም ማለት አይደለም።

ተከራይ ከሆናችሁና ቤቱ ካልሞቀ፣ መጀመሪያ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ። ቀጥላችሁ ለከተማው። ኒው ዮርክ ውስጥ ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31 ባለው ጊዜ፣ ቀን ውጪው ከ55 ፋራናይት በታች ከሆነ ቤቱ ቢያንስ 68 መሆን አለበት፣ ሌሊት ደግሞ ቢያንስ 62። ሌሎች ከተሞችም የራሳቸው ደንብ አላቸው። ክፍሉ ውስጥ ቴርሞሜትር አስቀምጡና ሰዓቱ የሚታይበት ፎቶ በቀን ሁለት ጊዜ አንሱ። የማሞቂያ ሒሳብ ከከበዳችሁ ላይሂፕ የሚባል የፌዴራል እርዳታ አለ፤ በ211 የት እንደሚመዘገቡ ይነግሯችኋል።

መንገዳችሁ ካልተጠረገ ወይም የቆሻሻ መኪና ካልመጣ 311 አመልክቱ፤ የሚሰጧችሁን የማመልከቻ ቁጥር ጻፉት። ቧንቧ ፈንድቶ ንብረት ከተበላሸ ደግሞ ምንም ነገር ከመጣላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ለኢንሹራንሱም በዚያው ቀን ደውሉ።